ሦስት ስም ያለው ደላላ

ስልኩ ሲጠራ ፋኢዛ ከክፍሉ መሃል ቆማ ነበር። ቡላኦስ በተባለው የወደብ ከተማ ሰፈር ውስጥ ባለችው በዚያች ጠባብ ክፍል ከአገር ቤት ለመጡ ወጣቶች የኢንተርኔት ጥንቃቄ የምታስተምረው ናዒማ፣ ፋኢዛን ወደ የመን ሊያሻግራት ቃል የገባላትን ደላላ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ያገኘችው ገና አሁን ነበር። አንዱ ፊት በሦስት ስም ተለጥፏል። ከአንደኛው ሥር አንዲት እናት «ልጄን ወስዶ ያስቀረብኝ ይህ ሰው ነው» ብላ ጽፋለች። የሚደውለውም እሱው ነበር።

ፋኢዛ ስልኩን አነሳችውና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እህቴ፣ የመታወቂያሽን ፎቶና የወንድምሽን ስልክ ቁጥር ላኪልኝ አላልኩሽም? ጀልባዋ እኮ አሥር ሰዓት ላይ ትነሳለች።»

«አልልክም።»

«ምነው? አታምኚኝም እንዴ?»

ፋኢዛ ቀና አለች። «ለኔ ሙሰዲቅ ነኝ ብለኸኛል። ለሌሎቹ ደግሞ ሌላ ነህ። ዛሬ ስምህ ማነው?»

ሰውየው ስልኩን ዘጋው። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ፋኢዛ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ጭብጨባው ሳያበቃ ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች ብድግ አሉ።

«እኛንም ዛሬ ሊወስደን ነበር» አለች አንደኛዋ። «ቀርተናል።»