ያለ ደመወዝ የምትመጣው

ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደራችሁ?» ከሚሏችሁ ሰዎች መካከል በነጻ የሚላችሁ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

አሮጊቷ አውቃለሁ ባይ ነበረች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የጫማ ፋብሪካ የደመወዝ ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ ሠራተኞቹ ከጀርባዋ «ሚዛን» ይሏታል። ሰፊዎቹ በጥንድ፣ ሻጮቹ በኮሚሽን፣ ጥበቃዎቹ በወር እንዲከፈላቸው ያደረገችው እሷ ናት። አንድ ሰው ወንበር ሲያነሳ ካየሁት አከፋፈሉን እነግራችኋለሁ ትል ነበር። በቁጥር የሚከፈለው ይወረውረዋል፤ በወር የሚከፈለው ይጎትተዋል፤ ጉርሻ የሚጠብቀው አቧራውን በመሐረቡ ይጠርግለታል።

አሁን የገዛ ቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷታል። «የስንቱን ጣት ስተምን ኖሬ የራሴ ጣት ከሰረ» እያለች ትስቃለች።

የሚቆለፈው በአስታማሚዋ እጅ ነው። ወንድ ልጇ ከሚሠራበት ሩቅ ከተማ ሆኖ በወር ደመወዝ የቀጠረላት ሴት ናት፤ ወፈር ያለች፣ ዝምተኛ፣ ከጎን ባለችው ጠባብ ክፍል የምታድር።

ሚዛን አንድ ነገር ብቻ ሳትወስን መሞት አትፈልግም። ቤቷን ማን ይውረስ የሚለውን ነው፤ ለጥቅም ሳይሆን ለፍቅር ብሎ ደጇን ለሚረግጥ ሰው እንዲሆን ትሻለች። ሰው መለየት ደግሞ ሙያዋ ነው።

ያሳሰባት የአስታማሚዋ ትጋት ነበር። በወር የሚከፈለው ሰው ሾርባ ሁለቴ አያሞቅም። ይህቺ ታሞቃለች።

«ቀዘቀዘብዎት መሰለኝ፤ ላሙቀው እማማ?»

«ተይው። የደመወዝሽን ያህል ሞቋል።»

ሴትየዋ ሳቀች። ከቀልዱ በላይ ሳቀች።

ደግሞ ጠዋት ጠዋት፣ አሮጊቷ ሻይዋን ሳትጨርስ፣ ትልቅ ጥቅል ተሸክማ ትወጣለች። ስትመለስ ባዶ እጇን ነው፤ አንዳንዴ ግን ዳቦና ስኳር ይዛ ትገባለች።

«ምንድን ነው ሁልጊዜ የምትሸከሚው?»

«ልብስ ነው እማማ።»

«የማን ልብስ?»

«የሰው።»

ሚዛን ያን ቀን ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ቁምሣጥኗ ድረስ ሄደች። ቀሚሶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰች። አንድም አልጎደለም። ይህ ይበልጥ አጠራጠራት፤ ብልህ ሌባ መጀመሪያ የሚሰርቀው እምነት ነው። ትጋቱ ለምን እንደሆነ ገባት፤ ለቤቱ ነው።

ሴት ልጇ ግን ሌላ ናት። እሑድ እሑድ ትመጣለች። ገና ከበሩ ስትገባ ጉንጯን ከእናቷ ጉንጭ አጋጥማ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፤ ልትወጣ ስትልም እንደገና።

«ይሄ የተጨማደደ ፊት ምን ያደርግልሻል? አይጥ ማስፈራሪያ ነው?»

«ለትዝታ ነዋ እማዬ! ደግሞ ታምሪያለሽ።»

«የኔ ልጅ ነሽ፤ ውሸት ሲያምርብሽ።»

ከዚያ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። አንድ ኩባያ እንኳ አታነሳም። እናቷ ይህንንም በበጎ ተረጎመችው፤ ለመታየት ደፋ ቀና የሚለው ተከፋዩ ነው፣ የሥጋ ዘመድ ምን አስጨነቀው?

«በቃ ሂጂ ልጄ። ጉዳይ ይኖርሻል። እኔም እንቅልፌ መጣ።»

«አንቺ ተኚ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

እናት ብታንኮራፋም ልጅ አትነቃነቅም። ጊዜዋ ሳይሞላ ሄዳ አታውቅም። ሚዛን በዚህ ትኮራ ነበር። «ሂጂ እያልኳት አትሄድም» ትላለች፤ የሚሰማት ባይኖር ለትራሷ።

አንድ እሑድ ሐሳቧን ነገረቻት። «አስታማሚዋን ላሰናብታት ነው።»

ልጅቷ ስልኳን አስቀመጠች። «ኧረ በናትሽ እማዬ! ማን ያጥብሻል?»

«አንቺ አለሽልኝ።»

«እኔማ... እሑድ እሑድ አለሁ። ግን እሷን ተያት፣ አታስቀይሚያት።»

የልጄ አንጀት አይችልም አለች እናት በልቧ። ለባዕድ እንኳ ታዝናለች።

በማግስቱ አስታማሚዋን ጠራቻት።

«ዕቃሽን ሰብስቢ።»

«ምን አጠፋሁ እማማ?»

«ምንም። ጥፋትሽ እሱ ነው። እኔ ስንት ሠራተኛ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ አልሞኝልሽም። ቤቱን አታገኚውም።»

«የምን ቤት?» አለች ሴትየዋ። ደጋግማ አየቻት። ከዚያ እንደ መሳቅ ብላ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «የጠዋቱ መድኃኒት ከምግብ በኋላ ነው። በባዶ ሆድ ያቃጥልዎታል።»

በሩን በቀስታ ዘጋችው። ቤቱ ጭር አለ። ሚዛን ሻይ ለማፍላት ተነስታ ግማሹን ውሃ ደረቷ ላይ ደፋችው። «ጎበዝ!» አለች ለራሷ፤ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ!» ከዚያ ወንድ ልጇ ጋ ደወለች።

«ወጪ ቀንሼልሃለሁ» አለችው። «አስታማሚዋን አሰናብቻታለሁ፤ ከእንግዲህ ደመወዝ እንዳትልክላት። ቤቱንም ለእህትህ አወርሳለሁ። ያለ ደመወዝ የምትመጣልኝ እሷ ብቻ ናት።»

«ለእህቴ?» አለ ልጇ።

«ምነው፣ ቀናህ እንዴ?»

«እማዬ... የኔ ደመወዝ ከተቀነሰ እኮ ዓመት ሊሞላው ነው። ለሁለት አልበቃ ሲለኝ ለአስታማሚዋ ‹ከዛሬ ጀምሮ የምከፍልሽ የለኝም፣ ሂጂ› ብያታለሁ። እሺ ብላኝ ነበር፤ ግን ጥላሽ አልሄደችም፣ የሰው ልብስ እያጠበች ነው የቆየችው። አሁን የምከፍለው ለእህቴ ብቻ ነው፤ አጠገብሽ ለምትቀመጥበት ሰዓት፣ በምትልክልኝ ፎቶ እየቆጠርኩ። እማዬ? ትሰሚያለሽ? ይቅር በይን።»

«ማንንም ይቅር አልልም» አለች ሚዛን። «በነጻ ያበላችኝን ደግሞ ጨርሶ።»