ገዥው ቀኝ እጁን ሲያነሣ

ጁባል ስታምፐር አባቱ ሲሞት በእጁ የነበረውን ሽጉጥ ካፖርቱ ውስጥ ደብቆ ወደ ኬንታኪ ዋና ከተማ የገባው አዲሱ ገዥ በሚሾምበት ቀን ጠዋት ነው። ጥይቱን ያጎረሰው ባቡሩ ላይ ነበር። የመመለሻ ቲኬት አልቆረጠም።

ነገሩ የቆየ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አባቱ አሳ ስታምፐር በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ፣ ውስኪ ሞቅ አድርጎት፣ ስለ አንዲት ሴት ክፉ ቃል ወረወረ። ሉሺየስ ክራብትሪ የሚባል ወጣት ጠበቃ በሰው ፊት በጥፊ አጮለው። አሳም ለሽጉጥ ግጥሚያ ጠራው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ወንዙ ዳር፣ አሳ ጉሮሮው ተበስቶ ሣሩ ላይ ሲንፈራፈር ነፍሱ ወጣች።

በዚያ አገር ሕግ እንዲህ ያለ ግጥሚያ የገጠመ ሰው ሹመት አያገኝም። ከገዥ እስከ መንደር ዳኛ ሁሉም «አልገጠምኩም» ብሎ እጁን አንሥቶ ይምላል። ክራብትሪም በየሹመቱ ማለ። ዳኛ ሲሆን ማለ፤ እስር ቤቱን ሰብሮ እስረኛ ሊሰቅል ገመድ ይዞ የመጣውን መንጋ ደጃፉ ላይ ብቻውን ቆሞ የመለሰው ያኔ ነው፤ በድንጋይ ግንባሩን ፈንክተውታል። የምክር ቤት አባል ሲሆንም ማለ። አሁን ደግሞ ገዥ ሊሆን ነው።

ስለዚያ ጠዋት በተጠየቀ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦ «እኅቴ የአሳማ ሥጋ ሰቅለን በጭስ የምናደርቅበት ቤት ውስጥ ቆልፋብኝ ነበር።»

ሹመት ፈላጊ የሚዋሸውን ሁሉ አገር ይቅር ይለዋል፤ በተለይ ካሳቀው። ጁባል ከባቡር ጣቢያ ወደ አደባባዩ ሲሄድ እንኳ ሁለት ገበሬዎች ሲቀላለዱ ሰማ።

«ታዲያ አሳን ማን ገደለው?»

«የተሰቀለው አሳማ ነዋ! ከመንጠቆው ወርዶ ተኮሰበት።»

ጁባል አልሳቀም። እናቱ ይዛው ወደ ሚዙሪ ስትሰደድ ገና ሕፃን ነበር። የዚያን ቀን ነገር የነገረው ለአባቱ ምስክር ሆኖ ግጥሚያው ላይ የቆመው አጎቱ ኢኖክ ነው።

«ከጉሙ ውስጥ ብቻውን መጣ» ይላል ኢኖክ። «ባርኔጣው እስከ ቅንድቡ፣ ኮሌታው እስከ አፍንጫው። ትንፍሽ አላለም፤ ኩራቱ! የአባትህ ጥይትም ባዶ አልሄደችም፤ ሣሩ ላይ ደም አይቻለሁ። ቀኝ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ፣ በግራው ልጓም ይዞ ሄደ።»

«ክራብትሪ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«የክራብትሪ ካፖርት፣ የክራብትሪ ፈረስ። ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

ጁባል ለራሱ ቃል ገብቷል። ሰውየው መሃላው ላይ ሲደርስ አፉ ከተያዘ ሽጉጡን ወንዝ ይጥለዋል። በእግዚአብሔር ስም ከዋሸ ግን ይገድለዋል።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጁባል ሕዝቡን በክርኑ እየገፋ መድረኩ ሥር ሲደርስ አንዲት ጠጉሯ የሸበተ ሴት ከላይ ጠራችው።

«አንተ! የአሳ ስታምፐር አገጭ ነው ያለህ። ልጁ ነህ?»

ከእርሻዋ የማትወጣው የገዥው እኅት፣ ሚስ ድሩሲላ ክራብትሪ ነበረች። ዘበኛው ሊከለክለው ሲል «ተወው፣ እንግዳዬ ነው» አለችና አጠገቧ አስቀመጠችው። በግራ እጇ የአሳማ ሥጋ የተሸጎጠበት ዳቦ ዘረጋችለት። ቀኝ እጇ ከጸጉራም ቆዳ ከተሠራው የእጅ ማሞቂያዋ ውስጥ አልወጣም። ሽጉጥ ይዛለች ሲል አሰበ ጁባል፤ ዓይኑን ከማሞቂያው ላይ አልነቀለም።

«ብላ። መርዝ የለውም። መርዝ የሚሆንብን የወንድሜ ንግግር ነው፤ ርዝመቱን ብታየው!»

«አልራበኝም፣ እመቤቴ።»

«ካፖርትህ ውስጥ ያለውም አያጠግብህም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ ልጄ። ሉሺየስ አሳማ ሲታረድ የሚያለቅስ ልጅ ነበር። መሃላው ይለቅና ቤት ና። በአባትህ ደም የሚጠየቀውን ሰው እኔው ራሴ አስረክብሃለሁ።»

«ለምን አሁን አይሆንም?»

«አሁን ከሆነ ሹመቱ ይበላሻል። ሃያ ዓመት ታግሠህ የለም? አንዲት ሰዓት ታገሠኝ።»

«ከተሾመ በኋላማ ወታደሩ ሁሉ የእሱ ነው። እዚሁ እሰማዋለሁ።»

«ችኩል! ቁርጥ አባትህን!» አለችው።

ክራብትሪ ጓንቱን አውልቆ ቀኝ እጁን አነሣ። ለስላሳ፣ ንጹሕ የጠበቃ እጅ ነበር። ጁባል ጠባሳ ፈለገበት፤ አጣ። ቁስል ይሽራል፣ አለ በልቡ።

«...በዚህ ግዛትም ሆነ ከዚህ ውጭ በገዳይ መሣሪያ ከማንም ጋር አልገጠምኩም፤ ማንንም ለግጥሚያ አልጠራሁም፤ የጠራኝንም እሺ አላልኩም። እግዚአብሔር ይርዳኝ።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ጁባልን ያሳበደው ይህ ነው። ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። የመጀመሪያው ጥይት የገዥውን ደረት በሳ፤ ሁለተኛው መንጋጋውን ወሰደው። ደሙ ተዘርግቶ የነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ተረጨ።

ወታደሮቹ ወዲያው በጠመንጃ ሰደፍ መድረኩ ላይ ደፉት። ጥርሱ ረገፈ። አንዱ በቡትስ ተረከዙ እጁን ሲረግጠው አጥንቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማው። «ገመድ አምጡ!» ይላል ሕዝቡ። ጁባል ግን እንደ ምንም ቀና ብሎ ማሞቂያውን ፈለገ። ሴትዮዋ እስክትተኩስበት ይጠብቅ ነበር።

ሚስ ድሩሲላ ማሞቂያውን ወርውራ ወንድሟ ላይ ተደፋች፤ ሁለቱንም እጆቿን ደረቱ ላይ ጫነች። በግራ እጇ በኩል ደሙ ቆመ። በቀኟ በኩል ግን እየተንዠቀዠቀ መውጣቱን ቀጠለ።

ቀኝ እጇ ላይ ሦስት ጣት ብቻ ነበር፤ ጥይት የበጠሳቸው የሁለቱ ጣቶች ጉቶ ጠባሳ በሃያ ዓመት አርጅቶ ነጥቷል።