የጃፓኑ ውሻ

ባሏን የጃፓን ፊልም ከለከፈው ወዲህ እቤት ውስጥ መናገር ክልክል ሆኗል። እሁድ ከሰዓት ሁለት ጓደኞቹን በመኪናው ጭኖ አመጣ። መኪናውን ደጅ ጥሎ፣ ዲሹም የበሩ ካሜራም ፍላሹም የተሰካበትን ቴሌቪዥን በሪሞት ሲጠነቁል ቆየና መጋረጃውን ዘጋ።

«ይሄ ዳይሬክተር እንደ ሌሎቹ ታሪክ አያወራም፤ ይሞክራል» አላቸው።

«ሲሞክር ሊሞት ነው?» አለች ሚስቱ ፈንድሻውን እያስቀመጠች።

«አንቺ በማይገባሽ አትግቢ!»

ደብዘዝ ያለ ምስል መጣ። አንድ ውሻ የብረት በር ሥር ተኝቷል። ቆዩ፤ አሁንም እንደተኛ ነው።

«ይሄ ተራ ውሻ እንዳይመስላችሁ» አለ ባሏ። «ጃፓን ናት።»

«ከጦርነቱ በኋላ ያለችው ጃፓን» አለ አንደኛው ጓደኛው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

እሷ ጠጋ ብላ አየች። «ስማ እንጂ፣ ይሄኮ...»

«እሽሽ! ሁለተኛ አፍሽን ከከፈትሽ ትወጫለሽ!»

በሰው ፊት፣ ያውም በገዛ ቤቷ። ፈንድሻ ዘግና ተቀመጠች።

ኮፍያ ያጠለቀ ጎረምሳ መጣ። ውሻው ጅራቱን ቆላለት። ጎረምሳው በሩ ላይ ከቆመችው መኪና አንዱን ስፖኪዮ ነቀለ፤ ዞሮ ሌላውንም ነቀለ።

«ሙዚቃ የለ፣ ሩጫ የለ!» ባሏ አጨበጨበ። «እንዲህ ያለ እርጋታ ጃፓን እንጂ የት ይገኛል?»

ጎረምሳው ስፖኪዮዎቹን በፌስታል ይዞ ከዓይን ሲጠፋ፣ ሚስቱ ቀስ ብላ ተነሣች። መጋረጃውን ገልጣ መስኮቱን ከፈተች።

«ቦቢ!» ብላ ተጣራች።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ውሻ ቀና አለ።