ማኅተሙ ላይ የቀረው ጣት

ባለሱቁ ወጥ የነካ ጣቱን ላስ አድርጎ የቅጂ መብት ምስክር ወረቀቷን ተቀበላት። ለመድኃኒት ቤቶች ብላ ሁለት ዓመት የለፋችበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሾልኮ ወጥቶ፣ እዚህ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ በፍላሽ እየገለበጠ የሚሸጠው እሱ ነበር።

«ሕግ አለ» አለችው። «አሁኑኑ አጥፋው።»

«እሺ እህቴ፣ ሕግማ ይከበራል» አለና ከኮምፒውተሩም ከቴሌግራም ቻናሉም ዓይኗ እያየ አጠፋው። ወረቀቱን ግን አልመለሰላትም። ማኅተሙን በአውራ ጣቱ እየደባበሰ ወደ ብርሃኑ አዞረና በስልኩ ፎቶ አነሳው። ቀዩ የወጥ ቅባት ማኅተሙ ላይ ታትሞ ሲቀር አየች።

«ፎቶው ለምንህ ነው?»

«ለማስታወሻ ነዋ። ሌላ ሰው ፕሮግራሙን ይዞ ቢመጣ እንዳልሸጥ።»

ነጥቃው ወጣች። ባጃጅ ውስጥ ሆና ቅባቱን በሶፍት ስትፈትግ ስልኳ ጮኸ። እሱን ለመከታተል ብላ የገባችበት ያው ቻናል ፕሮግራሟን መልሶ ለጥፎት ነበር። ከሥሩ የእሷ ምስክር ወረቀት አለ፤ ማኅተሙ ላይ ቀይ ጣት።

«ኦሪጅናል ነው ወይ እያላችሁ ለምትጠይቁን ውድ ደንበኞቻችን፣ ማስረጃው ይኸው» ይላል።