ከዴዴሳ ማዶ

የዴዴሳ ድልድይ ሳንቃ ለጥገና ተነቅሎ ስለነበር፣ ከነቀምቴ የመጣው ሎንቺና ወንዙ ዳር ቆመ። ሌላው ተሳፋሪ ጥላ ፈልጎ ሲጋደም አንዲት እናት ለአራስ የያዘችውን የቅቤ ቅል ታቅፋ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለችው ልጇ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው።

“አዴ፣ እስከ ማታ አይከፈትም፤ አረፍ ይበሉ” አላት የአውራ ጎዳናው ሠራተኛ፣ መዶሻውን ሳያስቀምጥ።

“ምጥ ድልድይ ይጠብቃል?”

ቀና ስትል ከማዶ አማቿን አየችው። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ፊቱን ወደ ጫካው አዙሯል። አማች ለአማቱ ፊቱን አያሳይም፣ ስሟንም አይጠራም፤ ወጉ ነው። ሐዘንተኛም ግን እንዲሁ ይከናነባል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ዓይኗ እስኪያቃጥላት አፈጠጠች። አንድ ነገር ብሎ የጮኸ መሰላት፤ የመዶሻው ድምፅ ዋጠው። ቅሉን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ሠራተኞቹ ለምሳ ሲያርፉ መዶሻው ዝም አለ። ያኔ አማቿ ጋቢውን ከራሱ ገፎ ዞረላት፤ በአራት ዓመት አንድ ቀን ያላየችው ጥርሱ ታየ።

“አኮ!” ብሎ ጠራት፤ አያት ማለቱ ነበር። “ሁለቱም ደህና ናቸው!”

ከጠዋት ጀምሮ አልቀመጥ ያለችው ሴት፣ ቅሏን እንዳቀፈች ያለችበት ቁጭ አለች።