የሠላሳ ሁለት ሰው ፈቃድ

ማህደር አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ባረፈችበት ሆቴል ቁርሷን ሳትጨርስ ተነሣች። ከፊቷ የተቀመጠ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ሻዩን እያማሰለ ጠረጴዛዋ ላይ የዘረጋችውን ወረቀት ሰረቅ አድርጎ ሲያይ ዓይን ለዓይን ተጋጭተው ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወረቀቱ ላይ የሠላሳ ሁለት ሰው ስም አለ። ሁሉም ከጨንቻ ከተማ በላይ ያለች አንዲት መንደር ነዋሪዎች ናቸው። የመንደሯ ጫካ ታጥሮ ይጠበቃል፤ ጫካው አምቆ ለሚያስቀረው ካርቦን ደግሞ አንድ የውጭ ኩባንያ ሊከፍል ነው። ኩባንያው ግን አንድ ነገር ጠይቋል። ነዋሪዎቹ ሳይገደዱ መፍቀዳቸውን ገለልተኛ ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ካላረጋገጠ አይገዛም። ሪፖርቱ ቀርቧል። ሠላሳ ሁለቱም በነሐሴ ወር በፈቃዳቸው ተስማምተዋል ይላል።

ማህደር እንዲህ ያሉ ጫካዎችን በሚያጣራ አዲስ አበባ ያለ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። በመጨረሻ የዓመት ፈቃድ ወሰደችና ለአለቃዋ ሐዋሳ እህቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረችው። አርባ ምንጭ መምጣቷን ያወቀ ሰው አልነበረም።

ሲቀላ ከሚባለው የከተማው ሌላ ሰፈር በሚኒባስ ወደ ጨንቻ ወጣች። ዳገቱ ላይ ዞር ስትል ቀይ ሞተር ሳይክል ከኋላ ይከተላቸዋል። የነጂው ጃኬት ጥቁር ነው።

ጨንቻ ላይ ከሚኒባሱ ወርዳ በእግሯ መንገድ ስትጀምር ስልኳ ጮኸ። ጫካውን ያሳጠረው ፕሮጀክት አስተባባሪ ዘመድኩን ነበር።

«ማህደር፣ የት ነሽ?»

«አዲስ አበባ» አለች።

«እዚያው ሁኚ። ወደዚህ ዝር እንዳትይ፤ ነግሬሻለሁ።» ዘጋው።

መመለስ ትችል ነበር። እግሯ ግን ወደ ላይ ወሰዳት።

መንደሯን ጉም ውጧታል። እንሰት የሚኮተኩቱ ሴቶች ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ። ከአጥሩ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘች፤ ኦይታ ይባላሉ፤ ስማቸው በዝርዝሩ ላይ አራተኛ ነው።

«አባባ፣ ጫካው እንዲታጠር ሲስማሙ ማን አነጋገርዎት?»

ሽማግሌው ግራና ቀኝ አዩ። «ማንም። ጠዋት ተነሣን፣ ሽቦ አየን። አንቺ ማን ነሽ?»

«እድላዊት እባላለሁ።» እውነተኛ ስሟን መናገር ፈርታ ነበር።

«እድላዊት፣ ሂጂ። እዚህ የሚጠይቅ ሰው ደግ አይገጥመውም።»

ሰባት ቤት አንኳኳች። ሰባቱም አንድ መልስ ሰጧት፤ የጠየቃቸው የለም። ስምንተኛው ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለው የሽበሺ ቤት ነበር። በሩን የከፈተችላት ሚስቱ ፀዳለ ናት፤ ጨንቻ ገበያ ስለምትነግድ አማርኛዋ ከሌሎቹ የጠራ ነው።

«ባለቤትሽን ፈልጌ ነበር፣ እናቴ።»

«ከየት ታገኚዋለሽ?» አለች ፀዳለ። «ንቦቹ ጫካ ውስጥ ነበሩ። ቀፎዎቹን ላውጣ ብሎ በሽቦው ሥር ገባ። ጠባቂዎቹ ደበደቡት። በግንቦት ቀበርነው።»

ማህደር ወረቀቱን አወጣች። «በነሐሴ ተስማምቷል ይላል» አለች፤ ከከንፈሯ የወጣው ሹክሹክታ ነበር።

ፀዳለ ወረቀቱን ገፋ አደረገችው። «በነሐሴ ባሌ አፈር ውስጥ ነበር፣ ልጄ። ማን ጠየቀው?»

ማህደር ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ፀዳለ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ እሷን ታባብል ጀመር።

በዚህ መሀል የሞተር ድምፅ ተሰማ። ወደ ደጁ ተጠጋና ጠፋ።

«ያ ሰው ነው» አለች ማህደር። «ከጠዋት ጀምሮ ይከተለኛል።»

ፀዳለ በጓሮ በኩል አስወጣቻት። «በቀርከሃው መሀል ውረጂ። ቀጥ ብለሽ፤ መንገዱን ታገኚዋለሽ።»

ማህደር ሮጠች። ጭቃው ጫማዋን ነጠቃት፤ አልተመለሰችም። ጉሙ ስለወፈረ ከሦስት እርምጃ በላይ አይታይም። ዘመድኩን መዋሸቷን ደርሶበት ይሆን? ጠባቂዎቹን ልኮባት ይሆን? እዚህ ብትወድቅ ማን ይፈልጋታል? ሐዋሳ ናት ተብላ! ቀርከሃው ሥር ተሸጉጣ አፏን በመዳፏ ያዘች።

እርምጃ ሰማች። አንድ፣ ሁለት፤ ቆመ። ቅርንጫፍ ተሰበረ። ከዚያ ጥቁሩ ጃኬት ከጉሙ ውስጥ ወጣ።

«አትግደለኝ» አለች።

ሰውየው ደንግጦ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። «ኧረ በእግዚአብሔር! ሳምሶን እባላለሁ። ካርቦኑን ሊገዛ የነበረው ኩባንያ ነው የላከኝ።»

ማህደር ቀና ብላ አየችው።

«ጠዋት ዝርዝሩን ይዘው ሳይዎት የዘመድኩን ሰው መስለውኝ ነበር። ለዚያ ነው የተከተልኩዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እማማ ፀዳለ ሁሉንም ነገሩኝ። ቤት ለቤት እንደጠየቁ፣ እንዳለቀሱ። እንደርስዎ ያለ ሰው ነበር የምንፈልገው።»

ነጠላዋ ወድቆ ነበርና ከጭቃው አንሥቶ ሰጣት። እጁን ይዛ ቆመች። ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃቷ ለቀቃት።

«አሁን ምን ይሆናል?» ስትል ጠየቀችው።

«ግዢው ቀርቷል። ዘመድኩንን ፖሊስ ከአንድ ሰዓት በፊት እንደያዘው በስልክ ነግረውኛል። ለመንደሩ ጫካው እንዲመለስ፣ ለሟች ቤተሰብም ፍርድ እንዲሰጥ ኩባንያው ማስረጃውን ሁሉ ለፍርድ ቤት ያቀርባል። እርስዎም ይመሰክራሉ፣ አይደል?»

«እመሰክራለሁ» አለች ማህደር።

ሳምሶን ፈገግ አለ። «እንግዲያው የቀረችን አንዲት ሴት ብቻ ናት። አንድም ቀን እዚህ ሳትረግጥ፣ አሥራ አንድ ቀን ዞሬ ሠላሳ ሁለቱንም አነጋገርኩ ብላ ሪፖርቱን የፈረመችው አጣሪ፤ ማህደር ትባላለች፣ ያውቋታል?»