አንዲት ማንኪያ

እስከዳር የማሽኑን ኃይል ትንሽ ከፍ ታደርገዋለች። በባለቤቴ አንገት ላይ ከተለጠፉት ሽቦዎች ሥር ጡንቻው ይንቀጠቀጣል።

"አሁን ይዋጡ፣ የኔታ! አሁን!"

አምደሚካኤል አይውጥም። በማንኪያ ያጎረሰችው፣ እንዳያንቀው የተወፈረ ውሃ በዛለው የከንፈሩ ጥግ ይወርዳል። በነጠላዬ ጫፍ እጠርግለታለሁ።

ስትሮክ ግማሽ አካሉንና ንግግሩን ከወሰደበት ወዲህ የሚመገበው በአፍንጫው በገባ ቱቦ ነው። የጉሮሮ ጡንቻ የሚያነቃቃውን ማሽን ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይዛ የመጣችው የሕክምና ባለሙያዋ እስከዳር ዛሬ ትመለሳለች። አንዴ ከዋጠ ማሽኑን ትታልን ትሄዳለች። ካልዋጠ ሆዱ ተከፍቶ በዚያ በኩል ቱቦ ይገባለታል።

"ጡንቻውስ እየታዘዘ ነው፣ እትዬ" ትላለች ላቧን እየጠረገች። "አልታዘዝ ያሉት እሳቸው ናቸው።"

"አምዴ፣ ስለ እመቤቴ ብለህ።"

በደህናው እጁ እጄን ይገፋል። ዓይኑ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ያረፈችው ፀሐይ ላይ ነው። ሰዓት አይቶ አያውቅም፤ ፀሐይ ነው የሚያየው።

ያኔ ይገባኛል። ሁዳዴ ነው፤ ገና ሰባት ሰዓት። ካወቅሁት ጀምሮ በጾም ከዘጠኝ በፊት ውሃ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። በአፍንጫው የሚገባውን እኛ እናስገባዋለን። አፉ ግን የእሱ ነው።

"ጾሙን ይዞ ነው" እላታለሁ።

"በዘጠኝ እኮ እኔ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ!"

ለንስሐ አባቱ ለአባ ፍሥሐ ደውዬ እነግራቸውና ስልኩን ጆሮው ላይ እይዛለሁ። ድምፃቸው ክፍሉን ይሞላዋል።

"የኔታ! በታመመ ሰው ላይ ጾም አይጠብቅም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? ለራስዎ ሲሆን ጠነከረብዎ? ፈትቼዎታለሁ። አንዲት ማንኪያ ይዋጡ።"

ዓይኑን ይጨፍናል። አፉን ይከፍታል።

ጉሮሮው ይነሳል። መሃል ላይ ይቆማል። የእስከዳር ጣት ማሽኑ ላይ እንደ ደረቀ ነው፤ እኔም አልተነፍስም። ይወርዳል። አያስለውም።

"ዋጡ! እትዬ፣ ዋጡ እኮ!"

እየሳቀች ሁለተኛ ማንኪያ ትሞላለች። አምደሚካኤል ግን ከንፈሩን ገጥሞ ዓይኑን ወደ ወለሉ ይመልሳል። የተፈታለት አንዲት ናት።

ማንኪያውን ከእጇ ተቀብዬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ፀሐይዋ በዘጠኝ የምትደርስበትን የአልጋውን እግር ገና አልነካችም።